ስለ ከባድ መኪና ጎማ አገጣጠምና ስለ ንፋሱ ልክ
(በማኅበሩ አባላት ፊት የቀረበ ንግግር)



የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው ንፋስ ነው። ይህ ለመሐንዲስ ጆሮ አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በጋራዥና በመንገድ ዳር የሚታየው ልማድ ተቃራኒውን ይመሰክራል፤ ለጎማው ዋጋ የሚጨነቅ ባለንብረት ሁሉ ለንፋሱ ልክ አይጨነቅምና። ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በቤልፋስት ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በንፋስ የሚሞላ ጎማ ሲሠራ ያሰበው ምቾትን ነበር። በጭነት መኪና ጎማ ውስጥ የሚታመቀው 8 ባር ግን የሕይወትም ጉዳይ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርድ ከባድ መኪና ለምሳሌ ይወሰድ። ማለዳ፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ መለኪያው 8 ባር እስኪያሳይ ጎማው ተሞልቷል። መለኪያ የሚያነበው ከከባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የከባቢው አየር ግፊት 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ፣ በጎማው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 8.77 ባር ይሆናል። መኪናው አዋሽን አልፎ ሚሌ ሲደርስ በጎማው ውስጥ ያለው አየር 65 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ጠቅላላው ግፊት ወደ 10.3 ባር ያድጋል፤ መለኪያውም በዚያ ዝቅተኛ ሥፍራ 9.3 ባር ያህል ያሳያል።

ሾፌሩ ይህን ሲያይ ይደነግጥና እስከ 8 ባር ያስተነፍሰዋል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ጎማ ሠሪው 8 ባር ሲል ለቀዝቃዛ ጎማ ነው፤ በጉዞ ላይ የሚጨመረው ግፊት አስቀድሞ የታሰበበት ነው። ያው መኪና ተመልሶ አዲስ አበባ ቢያድር፣ በማግስቱ ማለዳ መለኪያው የሚያሳየው 6.9 ባር ገደማ ብቻ ይሆናል። ከፍታው ንባቡን 0.2 ባር ያህል ከፍ እንደሚያደርገው እውነት ነው፤ የደጋው ብርድ ግን ከዚያ አብልጦ ይቀንሰዋል።

ንፋሱ የጎደለ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ከመጠን በላይ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀትን ይወልዳል፤ ሙቀቱም ድርና ላስቲኩን ያላቅቃል። በመጨረሻ ቆላ ውስጥ ሲፈነዳ «የበረሃው ሙቀት ነው» ይባላል። በጥንድ ጎማዎች ላይ ነገሩ ይብሳል፤ የውስጠኛው ንፋስ ሲጎድል ሸክሙ በውጭኛው ላይ ያርፋል፤ ጎንበስ ብሎ የውስጠኛውን ቫልቭ የሚለካ ረዳት ግን ብዙ አይደለም። ጎማን በፌሮ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ ፈጽሞ የተነፈሰውን ለመለየት ይረዳ ይሆናል፤ የአንድ ባር ጉድለትን ግን ጆሮ አይለይም። ልኩ መታየት ያለበት መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ በታመነ መለኪያ ነው።

ወደ አገጣጠሙ ሲመጣ፣ ባለ ቀለበት ቸርኬ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ20 ኢንች ቸርኬ ላይ የተገጠመ ተራ የጭነት ጎማ 8 ባር ሲሞላ፣ ቀለበቱን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ወደ 20 ቶን ይጠጋል። ቀለበቱ በዝገት ምክንያት በቦታው በሚገባ ካልተቀመጠ፣ ወይም የሌላ ቸርኬ ቀለበት ከሆነ፣ ተፈናጥሮ ሲወጣ ፊት ለፊቱ ያለን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ጎሚስታው ዳዶ ከመፍታቱ በፊት የቫልቩን እምብርት አውጥቶ ንፋሱን ጨርሶ መልቀቅ አለበት፤ በጥንድ ጎማ ላይ ከሆነም የሁለቱንም። ቸርኬው ከዝገት ይጸዳል፤ የጎማው ከንፈር በሳሙና ውሃ ይለሰልሳል፤ ግራሶና ናፍጣ ላስቲኩን ስለሚጎዱ አይነኩትም። ካላማዳሪው እንዳይታጠፍ በመጀመሪያ በጥቂት ንፋስ ይቃናል። ንፋስ ያለበትን ቀለበት በመዶሻ እየመቱ ማስተካከል፣ በብዙ ቦታ ቢዘወተርም፣ ዕብደት ነው።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ደንብ፣ በእንዲህ ያለ ቸርኬ ላይ የተገጠመ ጎማ በመከላከያ ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ እንዲሞላ ደንግጓል። ፍርግርጉ ከወፍራም የብረት ቱቦ ተበይዶ የሚሠራ ነው፤ ማንኛውም ደኅና በያጅ ያለው ጋራዥ፣ መሐንዲስ የብረቱን ውፍረትና የብየዳውን ጥንካሬ አስልቶ ከሰጠው፣ ሊሠራው ይችላል። ከመንገድ ዳር ጎሚስታ ይህን ሥሌት መጠበቅ አይገባም፤ የሙያው ባለቤቶች ሥራ ነውና። ከፍርግርጉ ጋር፣ በቫልቩ ላይ ራሱን ችሎ የሚነክስ አፍና ሠራተኛው ከጎን ርቆ እንዲቆም የሚያስችል ረዥም የንፋስ ቱቦ ያስፈልጋል። ጎማው ከተሰቀለ በኋላ ዳዶዎቹ በመስቀል አቅጣጫ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ፤ መኪናው 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘም ቆሞ ዳግመኛ ይፈተሻሉ።