በእጅ ያለ ወርቅ
ስለ ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን የወርቅ ሰዓትና ስለ ሠሪው ቤት
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ናይሮቢ የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ከሥራህ ጋር የተያያዘ ነገር አቅርብልን» ብሎ ጠይቆኛል። እኔ ባለሱቅ ነኝ። ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ሆኖም በዚህ ከተማ ሰዓት ስሸጥና ሳስጠግን ከሃያ ዓመት በላይ ስለሆነኝ፣ በእጄ ያለፈውን ነገር ብናገር ነውር አይሆንብኝም ብዬ ተቀበልኩ። የምናገረው ስለ አንድ ዓይነት ሰዓት ነው፤ በአንዳንድ አባቶቻችን እጅ ላይ፣ ወይም በእናቶቻችን ሣጥን ውስጥ በመሐረብ ተጠቅልሎ ስለሚገኘው የኦሜጋ ኮንስቴሌሽን የወርቅ ሰዓት። የአውሮፓውያኑን ታሪክ ስለምነግራችሁ ዓመቶቹን በእነርሱ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ላ ሾ ደ ፎን ከምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ነው። ከተማዋ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ረጅምና በረዶዋ የበዛ ደጋ ናት። በ1794 በእሳት ቃጠሎ ከወደመች በኋላ ስትሠራ፣ ጎዳናዎቿ ቀጥ ቀጥ ብለው ተቀየሱ። ቤቶቹም ለሰዓት ሠሪ ዓይን የሚሆን ብርሃን እንዲያገኙ ሆነው ተሠሩ። በዚህ ምክንያት በ2009 ዩኔስኮ ከጎረቤቷ ከለ ሎክል ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

በ1848 ሉዊ ብራንት የሚባል የ23 ዓመት ወጣት እዚያ አንዲት ትንሽ የሥራ ቤት ከፈተ። እርሱ ሰዓቱን ከጥርሱ እስከ መስተዋቱ ራሱ አይሠራም ነበር። የአካባቢው ባለ እጆች በየቤታቸው የሠሩትን ክፍል እየገዛ፣ እየገጣጠመ በቁልፍ የሚሞላ የኪስ ሰዓት ያወጣል። ከዚያም ከጣሊያን እስከ ስካንዲኔቪያ እየዞረ ይሸጣል። በኛ ቋንቋ ነጋዴም ነው፣ ባለሙያም ነው። በ1879 ሲሞት ሥራውን ሉዊ ፖልና ሴዛር የተባሉት ልጆቹ ተረከቡ። በ1880ም ወደ ቢየን ከተማ ተዛወሩ። ቤቱ እስካሁንም እዚያው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። በዚያ ዘመን ሰዓት ሲሰበር አዲሱ ጥርስ ወይም ምሰሶ ለዚያ ሰዓት ተብሎ በሞረድ እየተስተካከለ ነበር የሚገባው። የአንዱ ሰዓት ክፍል ለሌላው አይሆንም። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን በ1894 አንድ አዲስ ማሽን አወጡ። እያንዳንዱ ክፍል በመኪና በልክ የተሠራ ስለሆነ፣ የትም አገር ያለ ሰዓት ሠሪ የተሰበረውን አውጥቶ አዲሱን ያለ ሞረድ መተካት ይችላል። ስሙንም ኦሜጋ አሉት። ኦሜጋ የግሪክ ፊደል መጨረሻ ነው፤ «ከዚህ ወዲያ የለም» ለማለት ነው። ማሽኑ ስለተወደደ በ1903 የድርጅቱ ስም ሆነ። በዚያው ዓመት ሁለቱም ወንድማማቾች ሞቱ። 800 ሠራተኛ የነበረውና በዓመት 240,000 ሰዓት የሚያወጣው ቤት በወጣቶች እጅ ወደቀ። ከአራቱ ተረካቢዎች ትልቁ ፖል ኤሚል ብራንት ገና 24 ዓመት አልሞላውም ነበር። እነዚያ ልጆች ቤቱን አላፈረሱትም። ይህን የምለው በአዳራሹ ኋላ ለተቀመጡት ወጣቶቻችን ጭምር ነው።

ከ1894ቱ ሥራ እኔ በየቀኑ እጠቀማለሁ። ናይሮቢ ውስጥ የስድሳ ዓመት ሰዓት ተከፍቶ፣ ከሌላ አሮጌ ሰዓት የወጣ ክፍል ገብቶለት እንደገና የሚሄደው ያኔ በልክ ስለተሠራ ነው።

ኮንስቴሌሽን የወጣው በ1952 ነው። በ1948 ቤቱ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ የራሱን ኢዮቤልዩ መሆኑ ነው፣ ለበዓሉ የወርቅ አውቶማቲክ ሰዓት አውጥቶ ነበር። ፈላጊው ስለበዛ በተከታታይ የሚሠራ ሰዓት ለማውጣት ወሰኑና ኮንስቴሌሽን፣ ማለትም የከዋክብት ስብስብ፣ ተባለ። ጀርባው ላይ የከዋክብት መመልከቻ ቤትና ስምንት ኮከቦች ተቀርጸዋል። በዚያን ጊዜ ሰዓት ሠሪዎች በጄኔቫና በእንግሊዝ አገር ኪው በሚባሉ መመልከቻ ቤቶች ሰዓታቸውን እያስፈተኑ ይወዳደሩ ነበር። ኦሜጋ በ1936 በኪው ከ100 ነጥብ 97.8 አግኝቷል። ስምንቱ ኮከቦች ድርጅቱ እንደሚያስረዳው ከ1933 እስከ 1952 በፈተና ያገኛቸው ሁለት ክብረ ወሰኖችና ስድስት አንደኛነቶች ናቸው። እንግዲህ ጀርባው ላይ ያለው ሥዕል እንደ ትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ነው።

በውስጡ ያለውም ያስደንቃል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ በወጡት በአብዛኞቹ ውስጥ 24 ድንጋይ ያለው ማሽን አለ። ሚዛን ጠባቂው መንኮራኩር በሰዓት 19,800 ጊዜ ይመታል። በቀን 475,200 ይሆናል። ባትሪ የለውም፤ ሞላው የሚሞላው በባለቤቱ እጅ እንቅስቃሴ ነው። ሰውየው ሲነሣ ይሞላል፣ ሲያርፍም ሰዓቱ ካንድ ሁለት ቀን በኋላ ያርፋል።

እኛ አበሾች ደግሞ በዚህ ሰዓት ላይ የራሳችን ጣጣ አለን። ፈረንጁ ጠዋት ሰባት ሲል እኛ አንድ ሰዓት እንላለን። ደግነቱ እዚህ ያሉት ስዋሂሊ ተናጋሪ ወንድሞቻችንም «ሳአ ሞጃ» ነው የሚሉት፤ በዚህ በኩል ባዕድ አገር አይደለንም። ታዲያ ቀን የሚያሳየው ኮንስቴሌሽን በኛ ሰዓት ሲሞላ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ወይ ጎህ ሲቀድ ወይ ፀሐይ ስትገባ ነው። ወሩ ግን አይስማማንም። የእርሱ ቁጥር እስከ 31 ይሄዳል፣ የኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ አንድ ጊዜ ማስዘለል፣ ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ ከሃያ ጊዜ በላይ ማዞር ግድ ነው። በመስከረም አንድ ዋዜማ ሰዓታቸውን ይዘው የሚቀመጡ ሽማግሌ ካያችሁ አትሳቁባቸው፤ አዲስ ዓመት እያስገቡ ነው።

ቤቱ ሁልጊዜ አልደላውም። በ1969 መጨረሻ ጃፓኖች በባትሪ የሚሄደውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጡ። ርካሹ ሰዓት ሲበዛ የስዊስ ሰዓት ሠሪ ተፈታ። በ1970 ግድም 90,000 የነበረው ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። ኦሜጋም ከመውደቅ የተረፈው በ1983 ሁለት ትልልቅ የሰዓት ድርጅቶች ተቀላቅለው፣ ኒኮላስ ሃየክ የሚባለው ሰው ከመራቸው በኋላ ነው። ከ1998 ጀምሮ ይህ ድርጅት ስዋች ግሩፕ ይባላል። እንዲህ በመሆኑ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ኮንስቴሌሽን ከማዕበሉ በፊት የነበረ ሥራ ነው።

አሁን ዋናውን ጉዳዬን ልናገር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኛ ዘንድ ግን የማየው ሌላ ነው። ሰዓቱን ከነታሪኩ ትተን ወርቁን ብቻ እናያለን። አባት ሲያርፍ ሰዓቱ ወደ ወርቅ ገዢ ሚዛን ይሄዳል። ማሽኑ ተነቅሎ ይጣላል፣ ቅርፊቱ ይቀልጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድምና እህት የአባታቸውን ኮንስቴሌሽን ይዘው ሱቄ መጡ። ወርቅ ገዢ በግራም ተምኖላቸው ገንዘቡን እኩል ሊካፈሉ ተስማምተዋል። እኔ ጋ የመጡት ማሽኑን በንጽሕና አውጣልን ብለው ነው። ከፈትኩት። ማሽኑ ንጹሕ ነበር፤ የሰዓቱ ፊትም ቀለሙ አልተነካም። በዚያው ቀን የሰብሳቢዎች ገበያ ምን ያህል እንደሚሰጥ አሳየኋቸው፤ ከግራሙ ዋጋ ይበልጥ ነበር። እህትየው ግን ዋጋውን ትታ «አባባ ይህን አድርጎ የተነሣው የሠርጉ ፎቶግራፍ አለን» አለች። ወንድሟም ዝም አለ። በመጨረሻ የእርሱን ድርሻ በየወሩ ልትከፍለው ተስማሙ። ጊዜ ወስዶባታል፣ ከፍላ ጨርሳለች። ዛሬ ሰዓቱ በእርሷ እጅ ላይ ነው።

ሁሉም እንደ እርሷ ያድርግ አልልም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የሕክምና ወጪ ቀልድ አይደለም፤ በስደት ደግሞ ይብሳል። በችግር ጊዜ መሸጥ ነውር የለበትም። ነገር ግን የሚሸጡትን አውቆ መሸጥ ይገባል። ስለዚህ ጥቂት ምክር ልስጥ።

አንደኛ፣ ወርቅ መሆኑን አስመርምሩ። እስከ 1995 ስዊስ ውስጥ በ18 ካራት ወርቅ ሰዓት ላይ የሚመታው የመንግሥት ማኅተም የሴት ራስ፣ በ14 ካራት ላይ ደግሞ ሽኮኮ የምትመስል እንስሳ ነው። ከዚያ ወዲህ የውሻ ራስ ሆኗል። 18 ካራት «0.750»፣ 14 ካራት «0.585» ተብሎ ይጻፋል። «20 ማይክሮን» የሚል ካያችሁ የወርቅ ቅብ ነው።

ሁለተኛ፣ አታስወልውሉ። አዲስ እንዲመስል ብሎ ወርቁን የሚፍቅ ሰው ማዕዘኑንና በጀርባ ያሉትን ኮከቦች ይበላቸዋል። የሰዓቱን ፊት ማስቀባትም እንዲሁ ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው አርጅቶ የቆየውን እንጂ አዲስ የተቀባውን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ውሃ አታስነኩ። ሠርክ የምታደርጉት ከሆነ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ለሚያውቅ ሰዓት ሠሪ ሰጥታችሁ አስጠርጉት፣ ዘይት ይቀየርለት። ዘይቱ የደረቀ ሰዓት ቢሄድም ራሱን እየበላ ነው የሚሄደው።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ጻፉ። ደረሰኙን፣ ሣጥኑን፣ ፎቶግራፉን አስቀምጡ፤ ማን ገዛው፣ ከየት ገዛው፣ ለማን ሰጠው የሚለውን በወረቀት አስፍሩ።

ለምን ትሉኝ እንደሆነ ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ እንደተበረከተላቸው የተነገረ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በ2017 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ነበር። ከቤተሰቡ በኩል የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣ ከጨረታው ወጣ። ክርክሩ ስለ ካራቱ አልነበረም። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ፣ በምን መንገድ አለፈ የሚል ነበር።

ሁለተኛው የራሱ የኦሜጋ ነገር ነው። በ2021 አንድ የ1957 ስፒድማስተር ጄኔቫ ላይ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ወርቅ አይደለም፣ ብረት ነው። የገዛውም የኦሜጋ ሙዚየም ነበር። በ2023 ግን ድርጅቱ ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ክፍል ተለቃቅሞ የተገጣጠመ መሆኑን፣ በማታለሉም የራሱ የቀድሞ ሠራተኞች እንዳሉበት ገለጸ። እንግዲህ ተመልከቱ። ብረቱን ሚሊዮን ያስወጣው ታሪኩ ነው፣ ያዋረደውም የታሪኩ ሐሰት መሆን ነው። ሠሪውን ራሱን እንዲህ ካታለሉት፣ ያልተጻፈ የእኛ ታሪክ ምን ዋስትና አለው?

ለዚህ ነው ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ የማቀርበው። ከዚህ በዓል በኋላ አንድ መዝገብ እንክፈት። ሰዓት ብቻ አይደለም፤ መስቀል፣ የአንገት ሀብል፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ከአገር ይዘነው የወጣነው ማንኛውም ዕቃ ፎቶግራፉ ይነሣ፣ የማን እንደነበረና እንዴት እዚህ እንደደረሰ ከባለቤቱ አፍ ይጻፍ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ደብተር፣ አንድ ካሜራና ሽማግሌዎቻችንን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ወጣት ነው። እኔም በበኩሌ የሰዓቶቹን ጀርባ እየከፈትኩ፣ በማሽኑ ላይ ያለውን ተራ ቁጥር እያነበብኩ ያለ ክፍያ አገለግላለሁ። ነገር ግን ቶሎ እንጀምር። ሰዓቱን ከስድሳ ዓመት በኋላ ማስጠገን ይቻላል፤ ታሪኩን የሚያውቁት አባቶች ካለፉ በኋላ ግን መለዋወጫ አይገኝም።

እግዚአብሔር ከብር ኢዮቤልዩአችን ለወርቁ ያድርሰን። ያን ጊዜ በዚህ አዳራሽ የሚቀመጡት ልጆቻችን በእጃቸው ያለውን ከነስሙ የሚያውቁ ይሁኑ።