ዕቃው ከማለቁ በፊት



በኢንተርኔት ከሚሸጥ መደብር የሚገዛ ሰው መደርደሪያውን አያይም፤ የሚያየው «አለ» የሚለውን ቃል ነው። ከፍሎ ካበቃ በኋላ «አልቋል» ቢባል ቃል እንደ ታጠፈበት ይቆጥረዋል። እንግዲህ የማስጠንቀቂያው ደወል መቼ ይደወል የሚለው ጥያቄ የነጋዴው የመታመን ጉዳይ ነው።

ብዙዎች ለዕቃው ሁሉ አንድ ቁጥር ያበጃሉ፤ 20 ፍሬ ሲቀር ይደወላል። ነገር ግን የማዘዣው ልክ የሚገኘው የቀኑ አማካይ ሽያጭ፣ ዕቃው ታዝዞ እስኪገባ በሚፈጀው ቀን ተባዝቶ መጠባበቂያ ሲታከልበት ነው። በቀን 6 ፍሬ የሚሸጥ ዕቃ ከመርካቶ በ2 ቀን የሚመጣ ከሆነ 12 ፍሬ ለመምጫው፣ 8 ለመጠባበቂያ ተይዞ 20 ይበቃዋል። ያው ዕቃ ከባሕር ማዶ ተጭኖ በጂቡቲና በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል በ60 ቀን የሚደርስ ቢሆን ግን 360 ለጉዞው፣ 90 ለመዘግየቱ ያስፈልጋል፤ ደወሉም በ450 ሊደወል ይገባል። በ20 ቢደወል የቀረው የ3 ቀን ሽያጭ ብቻ ነው።

ክምችቱ ሲሰላም ተሸጦ ያልተላከው ይቀነሳል፤ ታዝዞ በመንገድ ላይ ያለው ይደመራል። የበዓል ሰሞን ገበያ ከወትሮው ስለሚበልጥ ልኩ አስቀድሞ ይታረማል። ከሁሉም በላይ፣ ደወሉን ሰምቶ በዕለቱ የሚያዝ አንድ ኃላፊ በስሙ ይመደብ።