በክረምት ልጆቻችንን በምን እናጫውታቸው?

(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዕድራችን የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን መሆኑ ለሁላችንም ግልጽ ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም የተገዛው ለዚሁ ነው። ስለዚህ «የልጆች ጨዋታን ከዕድር ስብሰባ ምን አገናኘው?» የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ዕድር የሞተውን መቅበር ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ማሰብ ነውና፣ ጥቂት ደቂቃ እንድታዳምጡን በትሕትና እንጠይቃለን።

እንደምታውቁት ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ዝናቡ ከጀመረ ውጭው ጭቃ ነው፤ ወንዙም ይሞላል። በመሆኑም ልጅ ቤት ይውላል። ቤቱ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ቀድሞ ልጅ ሲሯሯጥበት የነበረው ግቢ ዛሬ ለብዙዎቻችን የለም፤ በኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ልጅ ይዞ የሚኖር ጎረቤት አለን። ልጁ ሲሰለቸው ያለቅሳል፤ ስልክ ይሰጠዋል፤ ዝም ይላል። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ሌላ ምን ያድርግ?

ሆኖም ዝምታው ዋጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስልክም ሆነ ቴሌቪዥን ፊት ባይቀመጥ ይመረጣል፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ ለ180 ደቂቃ ያህል ቢንቀሳቀስ ይላል። ተቀምጦ በሚውልበትም ጊዜ አሳዳጊው መጽሐፍ ቢያነብለትና ተረት ቢነግረው ይመክራል። ልብ በሉልን፤ ይህንን እኮ አያቶቻችን ያለ መመሪያ ያውቁት ነበር!

ቴሌቪዥንን በጭፍን እንጥላ ማለታችንም አይደለም። ቴሌቪዥን አገራችን ከገባበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ ለብዙ ዓመታት በዚያው ሣጥን ውስጥ ሆነው ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረዋል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነላቸው ሰው ብዛት ይታወሳል። ልጆቹን የያዛቸው ሣጥኑ አልነበረም፤ «ልጆች» ብሎ የሚያናግራቸው ትልቅ ሰው ነበር። ዋናው ነገራችንም ይኸው ነው፤ ልጅ የሚፈልገው ዕቃ ሳይሆን ሰው ነው። ሰው ደግሞ ዕድራችን ሞልቶታል።

ታዲያ ስልኩ ሲቀመጥ በምን እንተካው? ከምናውቀው ጥቂቱን እንዘርዝር።

1ኛ፤ እንቆቅልሽ። ገንዘብ አይጠይቅ፣ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥ። «በዝናብ ቀን ይከፈታል፣ በፀሐይ ቀን ተጣጥፎ ይተኛል» ብሎ መጠየቅ ነው፤ መልሱ ጃንጥላ። ልጁ ሁለት ሦስቱን ከመለሰ በኋላ ራሱ ከቤቱ ዕቃ እየፈጠረ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ሲባል፣ አንዴ የተሰጠ ከተማ ሁለተኛ እንዳይሰጥ ሕግ ብናወጣስ? ጎንደር፣ ጅማና ሐረር በመጀመሪያው ቀን ያልቃሉ፤ በሳምንቱ ልጁ ካርታ ፍለጋ ይነሣል።

2ኛ፤ ገበጣ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ ጨዋታው በየአካባቢው ብዙ ዓይነት አለው። መሬት መቆፈር ግን የግድ አይደለም። ሠላሳ እንቁላል ከሚይዘው ካርቶን ላይ ባለ ስድስት ጉድጓድ ሁለት መደዳ ቆርጦ ማውጣት ነው። 12 ጉድጓድ ይሆናል፤ በየጉድጓዱ 4 ባቄላ ሲገባ 48። ልጁ ከወገኑ አንዱን ጉድጓድ አንሥቶ አንድ አንድ እያለ ያዞራል። በዚህ ሳያስበው መቁጠርንም፣ ነገን አስቦ መጫወትንም ይማራል። ቅልብልቦሽም አለ፤ አምስት ጠጠር ይበቃዋል።

3ኛ፤ የእጅ ሥራ። ወሩ ራሱ ሥራ ይዞ ይመጣል። ለቡሄ፣ ለነሐሴ 13፣ ጅራፍ መግመድ አለ፤ የሚገመደው ቤት ውስጥ፣ የሚጮኸው ዝናቡ ሲያባራ ደጅ። ከዚያ ለእንቁጣጣሽ አበባና ፀሐይ መሣል አለ። ከዓመቱ ደብተር የተረፈው ባዶ ወረቀት ይውጣለት። ስፌት የሚያውቁ እናቶች ሴት ወንድ ሳይለዩ ልጆቹን ወስፌ ቢያስይዙ ደግ ነው።

4ኛ፤ የቤት ሥራ። እንዴ፣ ሥራ ጨዋታ ይሆናል ወይ? ይሆናል! ምስር መልቀም፣ ካልሲን ከጥንዱ ማገናኘት፣ የበቆሎ እሸት መፈልፈል፣ ለትንሽ ልጅ ጨዋታ ነው፤ ከትልቅ ሰው ጎን ከተቀመጠና «ጎበዝ» ከተባለ።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። ጠጠርና ባቄላ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፤ ያንቃል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ለብርዱ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አይያዝ። የከሰል ጭስ ባይታይም፣ ባይሸትም፣ መርዙ ይገድላል። የዕድራችንን ድንኳን ለሕፃን መትከል የሚፈልግ ከመካከላችን የለም።

አሁን ወደ ሐሳባችን እንምጣ። የዕድራችን ቤት ሐዘን በሌለበት ቀን ተቆልፎ ይውላል። በአንድ በር አያት ብቻቸውን ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ፤ በሚቀጥለው በር ልጅ ስልክ ላይ ተደፍቶ ይውላል። በመካከላቸው ያለው አንድ ግድግዳ ነው። አያትየው የሚያውቁትን ተረት ሳይነግሩ ሲያርፉ፣ እኛ አስከሬናቸውን በክብር እንሸኛለን፤ ተረቱም አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ቤቱ ለልጆች ይከፈት እንላለን። በየቀኑ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተራ ይግቡ፤ ከሁለት አይጉደሉ። አዛውንቶቻችንን ጃንጥላ ይዞ የሚያመጣ ጎረምሳ ይመደብ። ስልክ የልጁም የትልቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ወንበሩ ይሰበራል ለምትሉ፣ ልጆቹ ሰሌን ላይ ይቀመጣሉ። ከዕድሩ ገንዘብ አንድ ብር አይወጣም፤ ቆሎው ከየቤቱ ነው። ሐዘን ከመጣ ጨዋታው ወዲያው ይቆማል፤ ቤቱ ለሥራው ይመለሳል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ዛሬ ድንኳን የሚተክሉት ጎልማሶች ነገ ያረጃሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ምሰሶውን የሚያቆሙት እነዚሁ ልጆች ናቸው። የጎረቤቱን ስም የማያውቅ፣ በደጁ አልፎ የማያውቅ ልጅ፣ የጡሩምባ ድምፅ ቢሰማ ለማን ብሎ ይወጣል? እነ እትዬን ተረት ሲነግሩት የሚያውቃቸው ግን ሳይጠሩት ይመጣል።

ሐሳቡን ተወያይታችሁ እንድትወስኑበት ለጉባኤው አቅርበናል።  ክረምቱን በሰላም ያሳልፈን።