የመሳፈሪያው ገንዘብ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር፣ ሸነን)



የሒሳብ ክፍል ሲነሣ ሁላችሁም የምትጠብቁት ገቢው ይህን ያህል፣ ወጪው ይህን ያህል የሚል ንባብ ነው። እሱን በወረቀት አድለናችኋል። ዛሬ የተነሣነው በወጪ መዝገባችን ውስጥ ስላለች አንዲት መስመር ለመናገር ነው። መስመሯ «አጣዳፊ እርዳታ» ትባላለች። ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ልጆች የምናወጣው የሚመዘገበው በእሷ ነው። ከመዝገባችን ሁሉ ገንዘቧ ትንሽ ናት፤ ጥያቄ የሚበዛባት ግን እሷ ናት።

ማኅበራችን ሲጀመር ይህች መስመር አልነበረችም። የተሰባሰብነው ለቁጠባና ለብድር ነበር። አንድ ቀን ከአባሎቻችን አንዷ ደብተሯን ይዛ መጣችና ያላትን ሁሉ ልታወጣ እንደምትፈልግ ነገረችን። ለምን ብንላት ዝም አለች። ቆይታ ነው የጎረቤቷን ልጅ ወደ ሆስፒታል ልትወስድ መሆኑን የነገረችን። ልጅቷ ከተደፈረች ሁለት ቀን አልፏት ነበር። ቤተሰቡ ሁለት ቀን የቆየው መሳፈሪያ የሚያበድረው ሰው ሲፈልግ ነው።

ሁለት ቀን ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አናውቅም ነበር። አሁን ሁላችሁም እንድታውቁት እንፈልጋለን። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ መድኃኒት እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል፤ እሱም ቢሆን በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። የሕክምና ማስረጃውም ሳይውል ሳያድር መወሰድ አለበት። ስለዚህ ገላ ሳይታጠብ፣ ልብስም ሳይታጠብ መሄድ ይመረጣል። ታጥባ ከሆነም ግን ቀረ ብላ መተው የለባትም፤ ትሂድ። ያቺ ልጅ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደረሰች። ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ከዚያ ወዲህ የሒሳብ ሰዎች እንደመሆናችን መቁጠር ጀመርን። አንዲት ሴት «ተጠቃሁ» ብላ ከቤቷ ከወጣች በኋላ ስንት ጊዜ ትመላለሳለች? መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎላት ሆስፒታል፣ ከዚያ ለቃል መስጫ ፖሊስ፣ ከዚያ ዐቃቤ ሕግ። ቀጥሎ ፍርድ ቤት፤ ምስክር ያልቀረበ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ። አንዳንዱ ጉዳይ እዚሁ አያልቅም፤ ወደ ዞኑ ከተማ ወደ አምቦ ይሄዳል። ብቻዋን አትሄድምና መሳፈሪያው የሁለት ሰው ነው። ምሳ አለ፤ ሲመሽ ማደሪያ አለ፤ ሥራ የተፈታበት ቀን አለ። ይህን ሁሉ የሚከፍል ክፍል በየትኛውም ቢሮ አላገኘንም።

አሁን የምንናገረው ከሁሉም የሚያሳስበን ነው። ሽማግሌዎቻችንን እናከብራለን። የድንበርና የከብት ጠብ በጃርሱማ ባይፈታ ኖሮ ስንት ቤት በፈረሰ! የመድፈርና የጠለፋ ነገር ግን ሌላ ነው። ሽማግሌ ይላካል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ካሣውን አባት ይቀበላል፤ ልጅቷን የጠየቃት የለም። ይህ እርቅ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መቼ እንደሆነ አስተውለናል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤተሰቡ ተቆጥቷልና እሺ አይልም። እሺ የሚለው ሦስተኛው ቀጠሮ ሲተላለፍ፣ ለመሳፈሪያ የተሸጠው በግ ሲያልቅ ነው። ሰዎች «ቤተሰቡ ይቅር አለ» ይላሉ። እኛ ግን ደክሞት ነው እንላለን።

ሕጉ እንዲህ አይልም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት መንገድ ነበረው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ዘግቶታል። በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከጠለፋ በኋላ የተደረገ ጋብቻም ከክስ አያድንም። ይህ ለውጥ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተጠለፈችው የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ጠላፊዋን ገድላ በነፍስ ግድያ በተከሰሰች ጊዜ፣ ገና የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በእነ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ አማካይነት ቆሞላት ነጻ ወጥታለች። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚያ ታሪክ መነሻነት ነው። ያቺን ልጅ ያቆማት ሕግ ብቻ አልነበረም፤ እስከ መጨረሻው ቀጠሮ አብሯት የሄደ ሰው ነበራት።

ትልልቆቹ ድርጅቶች ብዙ ሠርተዋል። የቀድሞዋ ዳኛ ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባና በአዳማ መጠለያ ከፍቷል። በአዲስ አበባው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲገኙ ተደርጓል፤ ተጎጂዋ ያንኑ ታሪክ በየቢሮው እንዳትደጋግም ነው። እነዚህን እናመሰግናለን። ነገር ግን ከሸነን ገጠር ቀበሌ ለተነሣች ልጅ የመጀመሪያው መንገድ ከቤቷ እስከ መኪናው ነው፤ ያን መንገድ ደግሞ ከጎረቤቷ በቀር የሚያውቅላት የለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል 66 በመቶዎቹ ለማንም ሳይናገሩ፣ እርዳታም ሳይጠይቁ ቀርተዋል። ከመቶ ስድሳ ስድስት! እዚህ አዳራሽ ውስጥም ዝም ብላ የተቀመጠች አትጠፋም።

የራሳችንንም ስሕተት ሳንናገር አንቀመጥም። በመጀመሪያው ዓመት ደንቡ እንደሚያዘው በወጪ ማዘዣው ላይ የተቀባይዋን ስም ጽፈን ነበር፤ «ለእገሊት ልጅ፣ ለሕክምና መመላለሻ» ብለን። የቁጥጥር ኮሚቴው ሥራው ነውና ማዘዣዎቹን በስብሰባ መካከል አንድ በአንድ አነበበ። ያን ቀን ማታ ወሬው ገበያ ደረሰ። እናቲቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ስብሰባችን አልመጣችም። ይቅርታ ልንጠይቅ ሁለት ጊዜ ቤቷ ሄደናል፤ ቡና አፍልታ ተቀብላናለች፤ ወደ ማኅበሩ ግን አልተመለሰችም። ሒሳቡ አንድ ሳንቲም አልጎደለበትም። እኛ ግን ገመናዋን ለገበያ ሰጥተናል።

ስለዚህ አሠራሩን ቀየርን። አሁን በማዘዣው ላይ የሚጻፈው ቁጥርና የወጪው ዓይነት ብቻ ነው። የቁጥሩን ባለቤት የሚናገረው ደብተር ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ናቸው። ኦዲተር ማየት ሲፈልግ ሁለቱም ባሉበት ያያል፤ ስም ግን አይገለብጥም። የመኪና ረዳት ደረሰኝ አይሰጥምና አብራ የሄደችው አባል በፊርማዋ ታረጋግጣለች። ጥቃት የቢሮ ሰዓት አይጠብቅምና ትንሽ ጥሬ ገንዘብ በእሑድም በሌሊትም በሚገኝበት በአንዲት እናት ቤት አስቀምጠናል።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፤ ፎቶግራፍና የስም ዝርዝር የማንልክላችሁ ለዚህ ነው። የሠራነውን ለመደበቅ አይደለም። ቁጥሮቹን፣ የጉዞውን ብዛትና እያንዳንዱን ወጪ ታገኛላችሁ፤ የልጆቹን ፊት ግን አናሳያችሁም። ሌላም ልመና አለን። እርዳታችሁ ለሥልጠናና ለአዳራሽ ኪራይ ሲፈቀድ ለመሳፈሪያ ግን «የዕለት ፍጆታ ነው» ተብሎ ሳይፈቀድ የቀረበት ጊዜ አለ። ለዚህ ሥራ ዋናው ወጪ መሳፈሪያው ነው። እባካችሁ አስቡበት።

አባሎቻችን ሆይ፤ ከእናንተ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየወሩ ከምትቆጥቡት ላይ ለዚህች መስመር የምትሰጡት ትንሽ ገንዘብ እንዳይቋረጥ። ሁለተኛ፣ አብራ የምትሄድ ሰው ስትፈለግ ተራ እንድትገቡ፤ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ቀጠሮ ነው በተለይ የምንፈልጋችሁ፤ ለመጀመሪያውማ ሁሉም ይሄዳል። ሦስተኛ፣ አንዲት ሴት ስትነግራችሁ «ምን ለብሰሽ ነበር? ለምን ወጣሽ?» ሳትሉ ሰምታችሁ፣ ለሌላ ሳትናገሩ ወደ እኛ እንድታመጧት። ሽማግሌ የሆኑ ባሎቻችሁንና አባቶቻችሁንም ቤት ውስጥ አነጋግሯቸው፤ ስለ ከብት ያስታርቁ፤ የልጅ መደፈር ሲመጣባቸው ግን «ይህስ የሕግ ነው» ብለው ይመልሱት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የአንዲት ልጅ መሳፈሪያ ለአንድ ቤት በግ ያሸጣል፤ ለእኛ ለሁላችን ግን የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ ይህችን መስመር ስናነብላችሁ ስም አትሰሙም። ቁጥር ትሰማላችሁ። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ «እስከ ፍርድ ደርሳለች» የሚል ብዙ እንዲኖር እንመኛለን።