ጭፈራችን ከመድረክ ይውረድ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከባህል ቡድኑ አሠልጣኝ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ባህል ቡድኑ እንድናገር አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። የሠራነውን በሪፖርቱ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እኔ የማነሣው ሪፖርቱ ላይ የሌለውን ነው። በቡድናችን ውስጥ የማይጨፍረው ማን ነው? የምንለብሰውና የምንጠቀምበትስ ከየት መጥቶ የት ይወድቃል? ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይመስላሉ። እኔ ግን ምንጫቸው አንድ ነው እላለሁ፤ ምንጫቸው መድረኩ ነው።

በየሠፈራችን ጭፈራ ሲጀመር ከበሮው መሃል ይሆናል፣ ሰው ዙሪያውን ይይዛል። አሮጊቷ ታጨበጭባለች፣ ነፍሰ ጡሯ ከዳር ሆና ዘፈኑን ትቀበላለች፣ ሕፃናቱ ከኋላ ሆነው ይማራሉ። ማንም ተመርጦ አይገባም። መድረክ ሲመጣ ግን ምርጫ መጣ። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ወይም እንግዳ ሲመጣ «ቁመታቸው እኩል የሆነ አሥር ልጃገረዶች አምጡ» እንባላለን። አንድ ዝግጅት ላይ ክራንች የምትይዘውን አባላችንን ለፎቶ አይመችም ብለው ከኋላ እንድትቀመጥ አደረጉ። ከበሮ መምታት ያስተማረችን እሷ ናት። ተመልካቾቹ ይህን አላወቁም።

ከዚያው መድረክ ጋር ጄኔሬተሩ መጣ፣ ትልቁ ድምፅ ማጉያ መጣ፣ አንዴ ታጥቦ ቀለሙን የሚለቅ የናይለን ልብስ መጣ። ዝግጅቱ ሲያልቅ ሜዳው ላይ የሚቀረው የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። ዝናብ ሲመጣ ያ ሁሉ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩም ወደ ባሮ ይሄዳል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሮ ሞልቶ ከተማችን የገባ ጊዜ የውሃ መውረጃ መደፈን ምን ማለት እንደሆነ ሁላችን አይተናል።

«አካል ጉዳተኛ እንዴት ይጨፍራል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ፊት ለፊት የጠየቃችሁኝም አላችሁ። በአገራችን የተሠራበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ከጎዳና ልጆች ጋር አንድ ትልቅ ትርኢት አሳየ። ከዚያ ሥራ አዱኛ የተባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድን ተወለደ። አዱኛ ቆይቶ አዳም ቤንጃሚን ከተባለ ሌላ የዳንስ ባለሙያ ጋር ሆኖ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን አሠለጠነ፤ ጉዳት ያለበትና የሌለበት አብረው ጨፈሩ። ከአዱኛ ልጆች አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሮሌክስ በሚያዘጋጀው የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። ጎዳና ላይ ማንም ዳንሰኛ ብሎ የማይጠራቸው ልጆች ናቸው እዚህ የደረሱት። እኛ ደግሞ ከእነሱ የሚበልጥ ነገር አለን፤ ክቡ ከእናቶቻችን የወረስነው ነው።

ዘንድሮ በልምምድ የሞከርነውን ልንገራችሁ። መስማት የተሳናት እህታችን እጇን ከበሮው አካል ላይ አድርጋ ትቆማለች፤ ምቱን በመዳፏ ታገኘዋለች፣ ከዚያ እግሯ ይከተላል። ዓይነ ስውር ለሆነችው ደግሞ «እንዲህ» ማለት ዋጋ የለውም። አሠልጣኟ እንቅስቃሴውን በቃል ትናገራለች፣ ፈቃዷን ጠይቃም ትከሻዋን ትይዛለች። መዝለል የማትችለው ዝላዩን በትከሻዋና በአንገቷ ትሠራዋለች። ይህን ያወጣችው ራሷ ናት፤ አሁን እግር ያላቸውም ይቀዱላታል! ዊልቸር አሸዋ ላይ አይሄድም፤ ስለዚህ በማንጎው ጥላ ሥር ያለውን መሬት ደልድለን፣ የቤት ወለል እንደምንለቀልቀው በጭቃ ለቀለቅነው። በየዝናቡ መልሶ መለቅለቅ ይፈልጋል። ሲሚንቶ ግን አልገዛንም።

የቋንቋው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። እስከ አምና የምናስተምረው በአማርኛ ብቻ ነበር፤ አማርኛ የማትሰማ እህት ሁልጊዜ ከኋላ ትቆማለች። አሁን እርምጃ የምንቆጥረው በከበሮው ድምፅ ነው። ከበሮ በአኙዋክም በኑዌርም ቋንቋ ቡል ነው። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ገርሟቸዋል፤ እኔም ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል። ባለፉት ዓመታት በመካከላችን የሆነውን እዚህ አልዘረዝርም፤ ቤታችሁ ታውቁታላችሁ። አንዷ የሌላዋን ሠፈር ጭፈራ ለመማር ስትመጣ ግን ቤተሰቦቿ «የት ነው የምትሄጂው?» ይላሉ። ለዚህ ነው ልምምዱን ቅዳሜ 10 ሰዓት ጀምረን 12 ሰዓት ሳይሞላ የምንጨርሰው። ፀሐዩ በርዶ፣ መብራት ሳያስፈልግ፣ ሁሉም በቀን ቤቷ ትገባለች። ሰዓት እላፊ የታወጀባቸውን ወራት ያሳለፈ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ እህቶቻችን ግን ገና አልመጡም። ከሩቅ ወረዳ ለሚመጡት የመጓጓዣ ገንዘብ ካልተገኘ «የሁላችን ቡድን» ማለት አንችልም።

ስለ ልብስ እናቶቼን ላስቀይም ነው፤ ይቅር በሉኝ። የነብር ቆዳና የጉሬዛ ጠጉር የሌለበት ጭፈራ ባህል አይደለም የሚሉ አሉ። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳ ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ሕጉን እንተወው እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኔስኮ የመዘገበው የማጃንግ ደን ያለው በክልላችን ነው፤ ጉሬዛው ዛፉ ላይ ሆኖ ቢያምር ይሻለናል። ፕላስቲክ ላባም መልስ አይደለም። የአኙዋክ እናቶች ለጥሎሽ የሚሰጠውን ሰማያዊ ዶቃ፣ ዲሙይን፣ ተመልከቱ። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር የኖረ ነው እንጂ በየበዓሉ የሚገዛ አይደለም። እኛም ልብሳችንን በዚያ መንገድ ልናየው እንችላለን፦ አንድ ጊዜ በደንብ የተሰፋ የጥጥ ልብስ፣ የሚጠገን፣ በውሰት ከአንዷ ወደ አንዷ የሚሄድ፣ በማንኛዋም ልክ የሚጠብና የሚሰፋ። ከበሮውም እንዲሁ። አዲስ ከበሮ አንድ ሙሉ ግንድ ይበላል፤ የተቀደደውን ግን ለበዓል ባረድነው ፍየል ቆዳ መልሰን ልንለጥፈው እንችላለን። ሁለቱን ለጥፈናል፤ ድምፃቸውን ከስብሰባው በኋላ ትሰማላችሁ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ወጣቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። «መድረኩን ከተውነው አበሉስ?» ትክክል ናችሁ። ለአንዳንዶቻችሁ ያ አበል የወር የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ ግብዣውን እንቀበላለን፣ ግን በራሳችን ሁኔታ። የሚሄደው ሰው በተራ ይሆናል፣ በቁመት አይመረጥም። ከበሮ የምትመታዋ ከፊት ትቀመጣለች። ቦታ ካለ መሬት ላይ፣ በክብ እንጨፍራለን፤ ውሃችንን በጄሪካን ይዘን እንሄዳለን። አበሉ ለሄዱትም ለአሠልጣኞቹም ይካፈላል። ይህን የማይቀበል አዘጋጅ ቢኖር አንድ ግብዣ ይቅርብን።

አጋሮቻችን፣ የእናንተን ድጋፍ የሚመለከተው ይኸው ነው። በቀጣዩ ዓመት በጀት ላይ «ለአዲስ የባህል ልብስና ለድምፅ መሣሪያ» የሚል መስመር አለ። እንዲቀየር እጠይቃለሁ፦ ከሩቅ ለሚመጡ እህቶች መጓጓዣ፣ በልምምዱ ሰዓት ሕፃናት ለምትጠብቅ እናት ክፍያ፣ ለሁለት አካል ጉዳተኛ አሠልጣኞች የወር አበል፣ እና የዋንዛ ችግኝ። ችግኙ ከበሮ እስኪሆን እኛ አንደርስም። ጎብኚ ይዛችሁ ስትመጡ ደግሞ ወንበር ደርድሩልን አትበሉ፤ ቅዳሜ 10 ሰዓት ማንጎው ሥር ኑ፣ ጫማችሁን አውልቁና ክቡ ውስጥ ግቡ።

አሁን ሰብሳቢያችን ሰዓቴን እያሳዩኝ ነው። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፤ በአኙዋክና በኑዌር ለምትጠይቁ እህቶቻችን እየተረጎሙ ይረዱኛል።