ደን ቆሞ ሳለ ያረጃል
የዕጣን ዛፍ፣ የአየር ንብረት ለውጥና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)





የምሥረታ በዓል የሂሳብ ቀን ነው። ስንት ኩንታል ሰሊጥ ተገዛ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተሠራጨ፣ መጋዘኑ ምን ያህል ይይዛል፣ ለአባላት ምን ያህል የትርፍ ድርሻ ተከፈለ የሚሉት ጥያቄዎች በዚህ ቀን ይነሣሉ፣ መልስም ያገኛሉ። ይሁን እንጂ በቆላው አካባቢ በሚገኙ ማኅበራት መዝገብ ላይ በአግባቡ ያልሰፈረ አንድ ትልቅ ሀብት አለ። እርሱም በየተረተሩና በየድንጋያማው ቁልቁለት ላይ የቆመው የዕጣን ዛፍ ነው። ከዛፉ የተለቀመው ዕጣን በኪሎ ይመዘናል፣ በደረጃ ይለያል፣ በደረሰኝ ይገባል። ዛፉ ራሱ ግን አይቆጠርም። ስንቱ ወጣት እንደሆነ፣ ስንቱ እንዳረጀ፣ ስንቱስ ተተኪ እንዳለው የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ ማንሣትና የደን ምርምር የሰጠውን መልስ ለማኅበራት ማቅረብ ነው።

የዕጣን ዛፍና የቆላው ኑሮ

የዕጣን ዛፍ፣ በአንዳንድ አካባቢ አጠራር ዋልያ መቀር፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ደረቅ ቆላዎች የሚበቅል ዛፍ ነው። በአገራችን በመተማና በቋራ፣ በአበርገሌና በትግራይ ምዕራባዊ ቆላ በስፋት ይታወቃል። ሌላ ሰብል በማያበቅል ድንጋያማና ስስ አፈር ላይ ይቆማል። ቅጠል የሚይዘው በክረምት ወራት ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን የዓመቱን ክፍል ራቁቱን ሆኖ ያሳልፋል።

ዕጣኑ የሚመረተው ዛፉ ራቁቱን በሆነበት በዚሁ በበጋ ወቅት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ ሠራተኛው መንጋፍ በሚባለው ስለታም መሣሪያ ቅርፊቱን በትንሹ ይፍቃል። ከቁስሉ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ሲደርቅ ተለቅሞ ያው ቦታ እንደገና ይፋቃል። ይህ ሥራ በአንድ በጋ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

ለአየር ንብረት ለውጥ መቋቋሚያነት የዚህ ዛፍ ጠቀሜታ የሚመነጨው ከዚህ የጊዜ አቆጣጠር ነው። ሰሊጥም ሆነ ማሽላ የሚታመኑት በዚያው ዓመት ዝናብ ላይ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ከገባ ወይም ፍሬ ሳይሞላ ከቆመ ገበሬው የድካሙን ዋጋ ያጣል። የዕጣን ዛፍ ግን ሥሩንና ግንዱን ይዞ ለብዙ ዓመታት የኖረ በመሆኑ፣ አንድ ክረምት ቢከፋበት እንኳ ቀደም ሲል ባጠራቀመው ስንቅ ይቆማል። ከዚህም በላይ ገቢው የሚገኘው የእርሻ ሥራ በሚቀንስበት ወቅት ነው። በመሆኑም ዛፉ ለቆላው ቤተሰብ የክፉ ቀን ቁጠባ ሆኖ ያገለግላል። ነገር ግን ማንኛውም ቁጠባ የሚጠቅመው ወጪው ከገቢው እስካልበለጠ ድረስ መሆኑን የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራት አባላት ያውቁታል።

ምርምሩ የቆጠረው

በመተማ አካባቢ የተካሄደ አንድ ጥናት በ12 የናሙና ቦታዎች የቆሙ ዛፎችንና ችግኞችን እየቆጠረ ተከታትሏል። ከቦታዎቹ ከፊሉ ዕጣን የሚመረትባቸው፣ ከፊሉ የማይመረትባቸው ነበሩ። ፒተር ግሩነንዲክና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረጉት በዚህ ጥናት መሠረት፣ አያያዙ ሳይለወጥ ከቀጠለ የዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ይቀንሳል። የዕጣን ምርቱ ደግሞ በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል።

ከዚህ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞቱማ ቶሌራና ባልደረቦቹ በዚያው በመተማ አካባቢ የዛፎቹን ዕድሜ በግንዳቸው ውስጥ ካለው የዓመት ቀለበት ለይተዋል። ውጤቱም ዛሬ የሚታየው ደን የቀድሞ ዘመን ልጅ መሆኑን አሳየ። ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ለወግ የደረሰ አዲስ ዛፍ የለም ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በፍራንስ ቦንገርስ የተመራ ቡድን በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የሚገኙ 23 የዕጣን ደኖችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች እንደሌሉ አረጋገጠ። በሚቀጥሉት 20 ዓመታትም ምርቱ በግማሽ እንደሚቀንስ ገመተ።

እነዚህ ቁጥሮች በአንድ ምሳሌ ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አያትና ቅድመ አያት ብቻ የሚኖሩበት ቤት ከውጭ ሲታይ ቤተሰብ የሞላው ይመስላል። ልጅ ግን የለበትም። ዕጣን የሚለቅም ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ከትልልቅ ዛፎች መካከል ስለሚውል ደኑ ሙሉ መስሎ ይታየዋል። ደኑ ግን ቆሞ ሳለ እያረጀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ ይኖርበታል። ችግኝ ጨርሶ አይበቅልም ማለት አይደለም። በክረምት በየዛፉ ሥር የሚበቅል ችግኝ አለ። በጋ ሲገባ ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ይደርቃል፣ ሥሩ ግን ይቆያል፣ በሚቀጥለው ክረምትም እንደገና ያቆጠቁጣል። ችግሩ ይህ ትንሽ ተክል ከዓመት ዓመት እዚያው ላይ መቅረቱና ከከብት አፍና ከእሳት በላይ ከፍ ለማለት አለመቻሉ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ስለ ዕጣን ደን መመናመን ሲነሣ ከብት አርቢው ዕጣን አምራቹን፣ ዕጣን አምራቹ አዲስ ሰፋሪውን፣ ሰፋሪው ደግሞ እሳት የሚለቀውን ሲወቅስ ይሰማል። ምርምሩ ሁሉም በየፊናቸው ከፊል እውነት መያዛቸውን ያሳያል።

በመጀመሪያ ዛፉን ከመጠን በላይ ማቁሰል ጉዳት አለው። ዕጣን ዛፉ ቁስሉን የሚሸፍንበት መድኃኒቱ ነው። ይህንን ለማዘጋጀት የሚጠቀምበት ስንቅ ደግሞ ለአበባ፣ ለፍሬና ለቅጠል ሊውል የሚችለው ያው ስንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ በኤርትራ የተደረገ ጥናት፣ ካልተነኩ ዛፎች የተሰበሰበው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ በብርቱ ከቆሰሉ ዛፎች የተሰበሰበው ግን 16 በመቶ ያህል ብቻ እንደበቀለ አሳይቷል። ስለዚህ ዕረፍት ያላገኘ ዛፍ ዘሩ መካን ይሆናል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም ማቁሰልን ማቆም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ከላይ በተጠቀሰው የመተማ ጥናት ዕጣን የማይመረትባቸው ቦታዎችም እንደሚመረትባቸው ሁሉ ተተኪ አልነበራቸውም። ለዚህም በምክንያትነት የተጠቀሱት ልቅ ግጦሽ፣ በየበጋው የሚነሣ የሣር እሳትና ግንድ ሰርስሮ የሚገባ ረጅም አንቴና ያለው ጥንዚዛ ናቸው። ጥንዚዛው ትልልቁን ዛፍ ይገድላል፤ ፍየልና እሳት ደግሞ ትንሹን ያስቀራሉ። በሌላ በኩል ለሰሊጥና ለጥጥ እርሻ ሲባል ደኑ ከነጭራሹ የሚመነጠርበት ቦታ አለ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ችግሩ አምራቹን፣ አርቢውንና አራሹን በአንድነት የሚመለከት በመሆኑ አንዱ ብቻውን ሊፈታው አይችልም። አንድ አባወራ ዛፎቹን ቢያሳርፍ የጎረቤቱ ከብት ችግኙን ይበላዋል። አርቢው ከብቱን ቢያስር ከሩቅ የመጣ እሳት ደኑን ይጠርገዋል። ሦስቱም ወገኖች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ውሳኔ የሚሰጡበትና ውሳኔውን የሚያስከብሩበት ቦታ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።

ከማኅበራት ምን ይጠበቃል?

1ኛ. ዛፍን በተራ ማሳረፍ። ማኅበሩ የያዘውን ደን በክፍል ከፋፍሎ አንዱን ክፍል በየተራ ከመንጋፍ ሊያሳርፍ ይችላል። ለምሳሌ ያህል፣ 100 አባላት ያሉት ማኅበር በዓመት 50 ኩንታል ዕጣን ያመርታል እንበል። ደኑን እኩል አምስት ቦታ ከፍሎ አንዱን ቢያሳርፍ የዓመቱ ምርት ወደ 40 ኩንታል ይወርዳል። የቀረው 10 ኩንታል ለአባላት ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 10 ኪሎ ይሆናል። ይህ ቀላል አይደለም፤ በተለይ እህል ባነሰበት ዓመት ይከብዳል። ሆኖም 10 ኩንታሉን አንድ ሰው ብቻውን ይሸከም ቢባል ቤቱ ይፈርሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

2ኛ. ለችግኝ የተከለለ ቦታ መጠበቅ። ዛፍን ማሳረፍ በየዓመቱ ሊዘዋወር የሚችል ሲሆን፣ ከግጦሽ የሚከለል ቦታ ግን መዘዋወር የለበትም። ችግኙ ከፍየል አፍና ከሣር እሳት በላይ እስኪያድግ ድረስ ብዙ ዓመታት ይፈልጋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት የተከፈተ ክልል ያልተከለለ ያህል ነው። አርቢው በዚህ ምክንያት እንዳይጎዳ፣ ከክልሉ ውስጥ ሣር እያጨደ ለከብቱ እንዲወስድ በመተዳደሪያ ደንብ መፍቀድ ይገባል። ሣሩ መታጨዱም ለእሳት የሚሆነውን ማገዶ ይቀንሳል።

3ኛ. እሳትን አስቀድሞ መከላከል። ሣሩ ሳይደርቅ በክልሉ ዙሪያ የእሳት መከላከያ መስመር መጥረግ፣ የጥበቃ ተራ ማውጣትና ማር ቆራጮችንና እረኞችን በስም ለይቶ ማነጋገር ያስፈልጋል።

4ኛ. የአመራረት ሥልጠናና የክፍያ አሠራር። ግንዱ ከ10 ሳንቲ ሜትር የቀጠነ ዛፍ መንጋፍ ሊያርፍበት አይገባም። ቁስሉ ጥልቅ ሆኖ እንጨቱን መንካት የለበትም። የቁስሉን ቁጥር ያለ ልክ ማብዛትም ምርቱን በዚያው መጠን አያበዛውም። ይሁን እንጂ ሠራተኛው የሚከፈለው በኪሎ ብቻ ከሆነና በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያ ደን የማይመለስ ከሆነ ሥልጠናው ብቻውን ምን ያደርጋል? ስለዚህ በጥንቃቄ ለሠራ ሠራተኛ ተጨማሪ ክፍያ የሚታሰብበትና በወቅቱ መጨረሻ ዛፎቹ ታይተው ሂሳቡ የሚዘጋበት ውል ቢኖር ይመረጣል።

5ኛ. ቅርንጫፍ መትከል። በችግኝ ጣቢያ የፈላ የዕጣን ችግኝ ወደ መስክ ሲወጣ በብዛት ይሞታል። በሌላ በኩል ዛፉ ቅጠል በሌለው በበጋ ወራት ተቆርጦ የተተከለ ጠንካራ ቅርንጫፍ ሥር ሊያወጣ እንደሚችል በአገራችን በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል። ይህ ዘዴ ዛፉ ለሳሳበት ቦታ ይጠቅማል። ሆኖም ተከላውም ቢሆን ያለ ከለላ ውጤት አያመጣም።

ይህንን ሁሉ ለመፈጸም የባለቤትነት ዋስትና ያስፈልጋል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የደን ይዞታ ዓይነት ያውቀዋል። ማኅበራት ይህንን መሠረት በማድረግ ድንበሩ የተለየ ደን፣ የጸደቀ የአስተዳደር ዕቅድና የጽሑፍ ማስረጃ እንዲኖራቸው ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የነገውን የማያውቅ ሰው ለነገ አያሳርፍም፤ ዛሬውኑ ያለውን ይለቅማል።

ማጠቃለያ

ዝናቡ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ለመወሰን ማንም ማኅበር ሥልጣን የለውም። በክፉ ዓመት የሚደገፉበት ዛፍ መኖር አለመኖሩ ግን በማኅበራት ጉባኤ ሊወሰን የሚችል ጉዳይ ነው። ለወግ እስኪደርስ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ዛፍ ዛሬ ካልተከለለ፣ የሰባ ዓመት ዛፍ በወደቀ ጊዜ ተተኪ ፍለጋ መሄድ ከንቱ ነው።

በመሆኑም ከዚህ በዓል በኋላ እያንዳንዱ የዕጣን አምራች ማኅበር በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር እንዲጨምር ይመከራል። በተከለለው ቦታ ከሰው ወገብ በላይ ያደገ ስንት ወጣት ዛፍ አለ? የሚለው ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት መልሱ «ምንም» ሊሆን ይችላል። እውነቱ ያ ከሆነ ሳይሸሸግ ይጻፍ። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ከፍ ሲል ግን፣ ዩኒየኑ ለአባላቱ ከሚያከፋፍለው ትርፍ ሁሉ የሚበልጠውን ለልጆቻቸው እያቆየ ለመሆኑ ምስክር ይሆናል።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁን። እግዚአብሔር ለምድሪቱ ዝናቡን በወቅቱ ያውርድ፤ ለማኅበራቱም አንድነቱን ያጽናላቸው።