ስለ አሮጌ ካሜራዎች አሰባሰብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለው በዓል ስለ ታላላቅ ነገሮች መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን በተፈቀደልን ጥቂት ጊዜ የምንናገረው በየቤታችሁ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ስለ ተቀመጠው ዕቃ፥ ይኸውም ስለ አባቶቻችን ፎቶግራፍ ማንሻ ነው። ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን አሮጌ ካሜራዎችን በየቤታችን መሰብሰብ ከጀመርን ወዲህ ደኅናውን ከተበላሸው መለየት የቱን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ስለ ተረዳን፥ ያወቅነውን ለሌላው ማካፈል የሚገባ ሆኖ አገኘነው።

ዛሬ ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶግራፍ ስለሚያነሣ ፊልም የሚጐርሰው ካሜራ ሥራ ፈትቷል። ሥራ የፈታ ዕቃ በከተማችን ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። «ቁራሌው!» እያለ በየሠፈሩ የሚዞረው ሰው ከተበሳ ድስትና ከተሰበረ ጃንጥላ ጋር ቋጥሮ ይወስደዋል፤ ከዚያም መርካቶ፥ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እኛም ምናለሽ ተራ ሄደን ፈልገናል። ነገር ግን እዚያ ካየናቸው የሚበዙት ወይ ሌንሳቸው ወልቋል፥ ወይ የጀርባ ክዳናቸው ጠፍቷል፥ ወይም ዝናብ ጠጥተዋል። አንዱን ነጋዴ «ይሠራል ወይ?» ብለን ብንጠይቀው «ልጆቼ፥ ለጌጥ ነው እንጂ ዛሬ ማን ያነሣበታል?» ሲል መለሰልን። በእኛ አስተያየት ካሜራን በቡና ቤት መደርደሪያ ላይ እንደ አበባ ማስቀመጫ መደርደር ለዕቃው ክብር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከመቅለጥ ይሻላል።

ስለዚህ ደኅና ካሜራ የሚፈለገው ከገበያ በፊት በዘመድ ቤት ነው። ከቆዳ ማኅደሩ ሳይወጣ፥ አንድ ባለቤት ብቻ ይዞት የኖረ ካሜራ የሚገኘው እዚያ ነው። ወደ እማማ ወይም ወደ አባባ ቤት ስንሄድ ግን «ይሽጡልን» ብለን አንጀምርም፤ «ማን ያነሣበት ነበር?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱንም በወረቀት ጽፈን ከካሜራው ጋር እናኖራለን። ሥራቸውን የዘጉ የፎቶ ቤት ባለሙያዎችም ጥሩ ምንጭ ናቸው። የባለሙያ ካሜራ ውጪው ቢላጥም እንጀራ ስለ ነበር ውስጡ ተጠብቆ የኖረ ነው፤ የቤት ካሜራ ግን ውጪው እያበራ፥ ባለ መሥራት ብዛት ውስጡ ደርቆ ይገኛል። ስለዚህ መልኩን አይቶ መወሰን አይገባም።

በቅሎ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። ካሜራን ግን ከሁሉ በፊት አለመክፈት ነው። ለምን ቢባል፥ ፊልም በውስጡ ሊኖር ይችላልና። በተራው የ35 ሚሊሜትር ካሜራ ላይ በግራ በኩል ያለውን የመጠቅለያ ቁልፍ በቀስታ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ ስናዞረው የሚይዘን ነገር ካለ ፊልም አለ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊልሙ ብርሃን ባገኘው ቦታ ያለውን ሥዕል ለዘለዓለም ያጠፋል።

ያረጀ ፊልም ምን ይረባል የሚል ቢኖር የሚከተለውን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1897 አንድሬ የተባለው የስዊድን ሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአየር በሚንሳፈፍ ፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሥቶ ሦስቱም በበረዶ አገር ቀሩ። አስከሬናቸው እ.ኤ.አ. በ1930 ሲገኝ ፊልሞቻቸውም አብረው ተገኙ፤ ከ33 ዓመት በኋላ ቢታጠቡ 93 ሥዕሎች ዳኑ። እርግጥ በረዶው ረድቷቸዋል። በእኛ አገር ሙቀትና እርጥበት ፊልም እንዲያ አይበረክትም፤ ቢሆንም ጥቁርና ነጩ ከባለ ቀለሙ የበለጠ ይቆያል።

ከመካከላችን የአንዱ ጓደኛችን አክስት ቤት የተገኘው ዜኒት ካሜራ ቍጥሩ 19 ላይ ቆሟል፤ ፊልሙም በውስጡ ነው። ካሜራውን የገዙት የአክስቱ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደ ወጡ አልተመለሱም። እትዬ ካሜራውን እንድናይ ፈቀዱልን፤ ፊልሙ እንዲታጠብ ግን ገና አልፈቀዱም። «ምንም ባይወጣስ?» ነው ያሉት። እኛም አላስቸገርናቸውም። ይህን ካሜራ ቁራሌው ቢወስደው ኖሮ ዋጋው በኪሎ ይመዘን ነበር።

ዜኒትን ካነሣን ዘንድ ጥቂት እንጨምርበት፤ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ ሰዎች ቤት መገኘቱ የሚያስገርም አይደለምና። ዜኒት ኢ የተባለው በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፥ ከሌንሱ ጋር ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጠንካራ ዕቃ ነው። በብዙዎቹ ላይ የተቀረጸው ቍጥር የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የተሠራበትን ዓመት ያሳያሉ። የሞስኮ ኦሎምፒክ ቀለበቶች የታተሙባቸውም አሉ፤ ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘበት፥ የእ.ኤ.አ. 1980 ኦሎምፒክ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ያገኘ ይደሰት።

ሲመረመር ጆሮም ያስፈልጋል። ፊልም አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ መዝጊያውን ወጥረን በ30 እና በ500 ፍጥነት እናስነሣዋለን፤ ድምፃቸው ካልተለያየ ወይም መስተዋቱ ከላይ ከቀረ ውስጡ ታሟል። ቀጥሎ ክዳኑን ከፍተን ወደ ብርሃን እያዞርን የጨርቅ መጋረጃው እንደ ወንፊት የተበሳ መሆን አለመሆኑን እናያለን። በግንባሩ ላይ ያለው ብርሃን መለኪያ ባትሪ ድንጋይ አይፈልግም፤ በመዳፍ ሸፍነን ስንገልጠው መርፌው ከተንቀሳቀሰ ሕያው ነው። ሌንሱን ፈትተን ከኋላው የእጅ ባትሪ እናበራበታለን። ጥቂት አቧራ አያስፈራም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ክር ግን ሻጋታ ነው። ሻጋታ የሌንሱን ሽፋን ስለሚበላ ቢጠረግም ጠባሳው ሊቀር ይችላል፤ ከደኅናዎቹም ለይተን እናኖረዋለን።

እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚተጣጠፉት የጥንቶቹ ካሜራዎች በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ በውስጣቸው በርቶ ይመረመራሉ፤ በእጥፋቱ ማዕዘን ላይ ኮከብ የመሰለ ነጥብ ከታየ ተበስቷል። በሣጥን ቅርጽ የተሠሩት ቀላል ናቸው። የመጀመሪያው የኮዳክ ብራውኒ እ.ኤ.አ. በ1900 በአንድ ዶላር የተሸጠ የካርቶን ሣጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 የወጣው 120 የሚባለው ፊልም ዛሬም ይሠራል፤ 620 የተባለው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ቆሟል። ስለዚህ በ620 ካሜራ ውስጥ ባዶ ማጠንጠኛ ብታገኙ አትጣሉት፤ አዲሱን 120 ፊልም በጨለማ ወደ እርሱ መልሶ ማጠንጠን ይቻላል።

በውጭ አገር ያለ ዘመድ በኢንተርኔት ገበያ ላይካ ሊገዛልን ቢያስብ፥ የንስር ምልክት ተቀርጾበት በወርቅ ቀለም የሚያብረቀርቀውን ይጠንቀቅ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በላይካ አምሳያ የተሠሩት ፌድና ዞርኪ የተባሉት የሶቪየት ካሜራዎች ናቸው፤ ስማቸው ተፍቆ ተለውጧል። ፌድ በራሱ ስም እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በካርኮቭ የተሠራ ጥሩ ታሪክ ያለው ካሜራ ስለሆነ፥ ሐሰተኛ ስም ባያስፈልገው ነበር።

የተገኘው ካሜራ የሚጠፋው በአብዛኛው በአያያዝ ነው። በክረምት የቆዳ ማኅደሩ እርጥበት ይይዛልና ካሜራውን አውጥተን አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ፥ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው ቦታ እናስቀምጠዋለን። ባትሪ ድንጋይ ያለው ከሆነ እናወጣለታለን። መዝጊያው ተወጥሮ አይተኛም፤ በወር አንድ ጊዜም ባዶውን ይነሣበታል። እናቶቻችን ይቅር ይበሉንና፥ ሌንስ በነጠላ ጫፍ አይወለወልም፤ በመጀመሪያ አቧራው በአየር ይባረርለታል።

ዛሬ ያመጣናቸውን ካሜራዎች በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ከነባለቤቶቻቸው ታሪክ ታገኟቸዋላችሁ፤ በእጃችሁ ይዛችሁ ማየት ትችላላችሁ፥ ዜኒቱን ግን በዓይናችሁ ብቻ። ወላጆቻችን ሆይ፥ ከቤታችሁ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ ቁራሌው ከመምጣቱ በፊት ንገሩን፤ እንድትሰጡን አይደለም፥ ፊልም በውስጡ እንዳለ አብረን እንድናይ ነው።